የቴሌቪዥኑ ወሎዬና የእኛ አገር ሰው፦ ከተሞክሮዬ

በደቡብ ወሎ መካነ ሰላም ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከክፍል ውጭ ደግሞ የተማሪዎች ድራማ ክበብ እመራለሁ። ልጆቹ መድረክ ላይ ሲወጡ በቴሌቪዥን የሰሙትን ተዋናይ መምሰል ይወዳሉ። እኔም ጥሩ አነጋገር ማለት የአዲስ አበባ አነጋገር ይመስለኝ ስለነበር ለብዙ ጊዜ እንዲሁ አልፌያቸዋለሁ። የሌላ አገር ቋንቋና የሌላ ቀዬ ዘዬ ለተዋናይ አፍ እንዴት እንደሚገራ የተማርኩት ከእነዚሁ ልጆች ጋር ስለፋ ነው። ሥራውን አሁን ለሚጀምር ሰው ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው።

1. ዘዬ ከቃሉ ይልቅ በዜማው ይታወቃል።

አንዲት ተማሪያችን ያደገችው አዲስ አበባ ነው። የወሎ እናት ሆና እንድትጫወት ስንመርጣት የአካባቢውን አባባል ሁሉ በደብተር ጽፋ አጠናች። “ከቤት” የሚለውን “ኸቤት” አለች፤ አንድም ቃል አልሳተችም። ልምምዱን ያዩ እናቶች ግን “ይቺ ልጅ ከየት መጣች?” ብለው ጠየቁ። ቃሉ የእኛ ሆኖ አወጣጡ የእኛ አልነበረም፤ እኛ የምንስበውን ትቆርጣለች፣ እኛ የምናለዝበውን ታጠብቃለች። ደብተሩን አስቀምጣ ቡና ከሚያፈሉ ሴቶች ጋር እንድትውል አደረግን። የምታዳምጠው የሚሉትን ሳይሆን የሚያርፉበትን ቦታ፣ ትንፋሽ የሚወስዱበትን፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ድምፃቸው የሚለወጥበትን መንገድ ነበር። ስትመለስ ካጠናቻቸው ቃላት ብዙዎቹን ትታቸዋለች፤ ያም ሆኖ ከየት እንደመጣች የጠየቀ አልነበረም።

2. “የገጠር አማርኛ” የሚባል አማርኛ የለም።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። በምዕራብ ዐባይን ከተሻገሩ ጎጃም ነው፤ በምሥራቅ መንገዱ በአቀስታና በጉጉፍቱ አድርጎ ደሴ ይገባል። ቦረና፣ ለገሂዳ፣ ቱሉ አውሊያ የሚሉት ስሞች ኦሮምኛ በዚህ ምድር እንደኖረ ይመሰክራሉ። የሳይንቱን፣ የወግዲውንና የከላላውን ሰው ገና አፉን ሲከፍት የሚለዩ ሽማግሌዎች አሉን። ብዙ ድራማዎች ውስጥ ግን ከጎጃም ጥቂት፣ ከመንዝ ጥቂት ተወስዶ አንድ ላይ ይደባለቅና ለገበሬ ሁሉ ይታደላል።

ዘዬን መለየት ብቻውን እንደማይበቃ ልጆቹ እንዲያውቁ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን “ፍቅር እስከ መቃብር” አሰማቸዋለሁ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት የዚህ መጽሐፍ ታሪክ ጎጃም ውስጥ ነው የሚፈጸመው። ወጋየሁ ብቻውን ፊታውራሪ መሸሻንም፣ ጉዱ ካሣንም፣ ሰብለ ወንጌልንም ይሆናል። የሚለያቸው በዘዬ ብዛት አይደለም። የአንዱ ኩራት፣ የሌላው ምሬት፣ የልጅቱ ፍርሃት በድምፁ ውስጥ ቦታ ቦታ አለው። ዘዬ ጠባይን ካልተሸከመ ጌጥ ሆኖ ይቀራል ብዬ የማምነው ይህን ትረካ ደጋግሜ ከሰማሁ በኋላ ነው።

3. “አንቱ” ሲጠፋ ሽማግሌው ይጠፋል።

በእኛ አካባቢ ትልቅ ሰው “አንቱ” ነው የሚባለው። በድራማ ውስጥ አንድ የመንደር ልጅ አያቱን “እርስዎ” ሲል ስሰማ፣ ከአያቱ ጋር ሳይሆን ከመሥሪያ ቤት ኃላፊ ጋር የሚነጋገር ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ማረም ገንዘብ አይጠይቅም፤ የቦታውን ሰው መጠየቅ ይበቃል።

4. የትርጉም ድራማን ከመንቀፍ በፊት ሥራውን መሞከር ይገባል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ብዙ የአገራችን የጥበብ ሰዎች የአገር ውስጡን ሥራ ይጎዳል ብለው ተቃውመዋል። ሐሳባቸውን እጋራ ነበር፤ ስለ ገበያው ያሉት ዛሬም ይገባኛል። የድምፅ ተዋንያኑን ሥራ በተመለከተ ግን አስተያየቴ ተለውጧል። የአንድ ቱርክ ድራማ ትዕይንት ድምፁን አጥፍተን ተማሪዎቹ በአማርኛ እንዲናገሩበት ሞከርን። ከንፈሩ ሲዘጋ ቃሉ አላለቀም፤ ቃሉ ሲያልቅ ሰውየው ፊቱን አዙሯል። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቁም ነገሩ የሚወድቅበት ቦታ ይቀራረባል፤ ከእንግሊዝኛ የሚተረጎመው በዚህ በኩል የበለጠ ይከብዳል። ጠባብ ጊዜ ውስጥ የሚያለቅስና የሚስቅ ድምፅ ማውጣት ትልቅ ሙያ ነው። የቀረኝ ቅሬታ አንድ ነው። በቱርክኛው የኢስታንቡሉና የክፍለ ሀገሩ ሰው አነጋገር ይለያያል፤ በአማርኛው ሁሉም አዲስ አበቤ ይሆናሉ።

5. አንድ ቋንቋ በሁለት ሰው አፍ ሁለት ነው።

ይህኛው ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ነው። ከደቡብ ወሎ ወደ ሳዑዲ የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከስደት የተመለሰች ሴት ታሪክ ሲጽፉ ዐረብኛ አስገቡበት። የጻፉት ሰላምታና ምርቃት ብቻ ነበር፤ በቴሌቪዥን ድራማም ብዙ ጊዜ የምንሰማው ይኸው ነው። ጅዳ የሠራች አንዲት ጎረቤት ልምምዱን አየችና “እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም” አለች። የእሷ ዐረብኛ የወጥ ቤትና የሕፃን ዐረብኛ ነው፦ ቶሎ በል፣ እጅህን ታጠብ፣ እሳቱን ቀንሺ። በሥራ መካከል የተለመደ ስለሆነ ስትናገረው እጇ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የማይታይ ድስት ታነሣለች፣ የማይታይ ልጅ ትይዛለች።

እዚሁ መካነ ሰላም ውስጥ ደግሞ ኪታብ ሲያቀሩ የኖሩ ሼህ አሉ። የእሳቸው ዐረብኛ ከቁርኣን የመጣ ነው፤ መንዙማ ሲያወርዱ አማርኛውና ዐረብኛው ይተቃቀፋል። በወሎ አማርኛ መንዙማ በዐረብኛ ፊደል እየተጻፈ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። እኒህ ሼህና ያቺ ሴት በዐረብኛ ቢነጋገሩ የሚግባቡ አይመስለኝም። ቤተ ክርስቲያን ያለው መሪጌታም ግዕዙን የሚያውቀው በዜማ ነው፤ ተራ ወሬ ሊያወራበት አይሞክርም።

ከዚህ በኋላ ጽሑፉን ቀየርነው። ሴትየዋ ከሰው ጋር ስትጨዋወት ዐረብኛ አታነሣም፤ ያሳደገችው ልጅ ስልክ ሲደውል ብቻ ትናገራለች። ኃይሌ ገሪማም እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው “ጤዛ” ፊልም ጀርመንኛን ያስገባው ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ጀርመን ውስጥ በኖረው ሕይወት በኩል ነው፤ ቋንቋው የቆመው ለዕውቀት ማሳያ ሳይሆን ሰውየው በተማረበትና በተጎዳበት ቦታ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ገጸ ባሕርይ በየአረፍተ ነገሩ እንግሊዝኛ ሲጥል ስሰማ፣ ይህ ሰው በእንግሊዝኛ ማንን አፍቅሯል፣ ከማን ጋር ተጣልቷል ብዬ እጠይቃለሁ። ደራሲው መልስ ከሌለው እንግሊዝኛው ይውጣ።

6. የገጠር ዘዬ ዋናውን ሰው መሸከም ይችላል።

ለረጅም ጊዜ የክፍለ ሀገር አነጋገር በቴሌቪዥን የዘበኛ፣ የቤት ሠራተኛና የአስቂኝ ሰው ድርሻ ነበር። ልጆቻችን ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሲገቡ አነጋገራቸውን የሚደብቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ቅድስት ይልማ፣ አዜብ ወርቁና ቤዛ ኃይሉ የጻፉት “እረኛዬ” በአርትስ ቴሌቪዥን ሲታይ የገጠር ሴት ንግግር የታሪኩ እምብርት ሆነ። ማንም አልሳቀበትም፤ ሰው አለቀሰበት። አንዱ ክፍል በታየ ማግስት አንድ ዝምተኛ ተማሪዬ በገዛ አነጋገሩ ዋናውን ድርሻ ልሞክር ብሎ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።

የወሎ ሰው ሆናችሁ እንድትጫወቱ የተመረጣችሁ ተዋንያን፣ ከመቀረጻችሁ በፊት ከደሴ አውቶቡስ ተሳፍራችሁ ኑ። ገበያው ውስጥ ዋሉ፣ ቡናው ላይ ተቀመጡ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ። አዘጋጆችም ከአካባቢው የመጣ አንድ ሰው አነጋገር እንዲያርም ቅጠሩ፤ ስሙንም ከሌሎቹ ባለሙያዎች ጋር በድራማው መጨረሻ ጻፉለት።