ቀለምሽን ማን ላጠው?

ትሬንታ ኳትሮ ሆይ፣ አማረብሽ። ኮፋኖሽ ያብረቀርቃል፣ ፓራፋንጎሽ ተቃንቷል፣ ሞተርሽም ሳያስለምን ይነሣል። እኔ ግን የናፈቀችኝ ያችኛዋ፣ የተጨራመተችው ነች።

ትውልድሽ ቶሪኖ፣ ፊያት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ፊያት 634 ኤን ተብለሽ ወጣሽ፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፣ 75 የፈረስ ጉልበት። የአገርሽ ሰዎች «ዝሆን» አሉሽ። ለፍጥነት አልተፈጠርሽም፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መሙላት ራሱ ይከብድሽ ነበር። ወደኛ አገር የደረስሽው ግን ጤፍ ልትጭኚ አልነበረም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከደሴ ያስከተለው ተሽከርካሪ ከ1600 ይበልጥ ነበር። ጣርማ በር ላይ ወገን መንገዱን ንዶ ያን ሁሉ ብረት አስቁሞት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ጠግነው አለፉ። መርዙ በአየር፣ ጎማው በምድር። ናፈቅሽኝ ስል ይህን ረስቼ አይደለም።

አምስቱ ዓመት አለፈ። ጌቶችሽ ተማረኩ፣ አንቺ ቀረሽ። የኛ የሆንሽው ከዚያ ወዲህ ነው። 587 ሜትር በሚረዝመው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ እህልና ጨው፣ በርበሬና ሙሽራ ጭነሽ ተመላለስሽ። መሪሽ በቀኝ ነው፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ የገደሉን አፍ ያያል። ረዳቱስ? ረዳት መች ይቀመጣል! ዳገቱ ሲጠና ዘሎ ይወርድና ከግራር የተጠረበ ታኮውን አቅፎ የኋላ ጎማሽን በእግሩ ይከተላል። ትንፋሽ አጥሮሽ ወደ ኋላ ልትንሸራተቺ ስትይ፣ ከጋቢናው «በል!» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ታኮው ጎማሽ ሥር ይገባል። እጁ ለቅጽበት ቢሰንፍ ጭነቱም ሰዉም ገደል ነው። አባቴ መሪ ከመጨበጡ በፊት ታኮ አቅፎ ያደገ ሰው ነበር፤ መዳፉ እስከ ዕለተ ሞቱ የግራር ቅርፊት መሰለ።

ጋራዥ ውስጥ በርሽን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁት ቆሜ አየሁ። ላይኛው ሰማያዊ፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ቢጫ፣ መጨረሻ ላይ ያ አመድማ አረንጓዴ የጦር ቀለም። ቀዩ ላይ በብሩሽ የተጻፈ ብቅ አለ፦ «እግዚአብሔር ያው»። የቀረው ፊደል ከዝገቱ ጋር ረግፏል። ማን ጻፈው? ከየትኛው ገደል ቢተርፍ ነው? የሚፍቀው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ፍቆ ጨረሰውና ስቱኮ ለቀለቀበት።

እንግዲህ ታደስሽ የሚሉት ይህን ነው። ለጠላት የሠራሽው አምስት ዓመት፣ ለኛ የሠራሽው የሰው ዕድሜ፤ የተመለሰልሽ ግን አምስቱ። ሙሽሮቹ ከካሶኒሽ ወረዱ። ከጎንሽ ተንጠልጥሎ ሲንቋቋ የሚሄደው የራዲያተር ውሃ ቆርቆሮሽ የት ተጣለ? ወይ እኔ፣ ወይ አንቺ!

ባለቤትሽን አልወቅሰውም፤ ወዶሽ ነው። የሻንሲ ቁጥርሽን ይዞ ዘርሽን አስቆጥሯል፣ የብሎንሽን ዝርዝር ሳይቀር አስመጥቷል። ሥራው ሲያልቅ ጠርቶ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ የጎደላት ነገር ይታይዎታል?»

«ታኮዋ» አልኩት።

ዝርዝሩን ገልጦ ጣቱን ከላይ እስከ ታች አስኬደበት።

«እዚህ ላይ የለም» አለኝ።