ትንሿ ጥንቸልና «እናስብበት»

ልጃችሁ «ጥንቸል ግዙልኝ» ብላ ጠይቃችሁ ታውቃለች? በተለይ በአሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ፣ እስካሁን ባትጠይቅም አንድ ቀን መጠየቋ አይቀርም። ለፋሲካ ሰሞን ሱቁ ሁሉ በጥንቸል ሥዕል ይሞላል፤ የክፍል ጓደኛዋም ቤት አንዲት ነጭ ጥንቸል ትኖራለች። ታዲያ ያን ቀን ምን ትመልሱላታላችሁ? እኔ የመለስኩትን ላጫውታችሁ። ከስህተቴ የምትማሩበት ነገር አይጠፋም።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ልጃችን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። እናቴ ከእኛ ጋር እዚህ ሜሪላንድ ስድስት ወር ተቀምጣ ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ ነበር። እርሷ ስትሄድ ቤቱ ጭር አለ። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ እኔም ከሥራ የምገባው አመሻሽ ላይ ነው። ልጃችን አንድ ማታ አጠገቤ መጥታ «እማዬ፣ አያቴ ከሄደች የማጫውተው ሰው የለኝም፤ ጥንቸል ግዙልኝ» አለችኝ። አንጀቴ ተላወሰ።

ለእኔ ጥንቸል ማለት በተረት ውስጥ ጅብን የምታሞኝ ብልጥ፣ በሜዳ ደግሞ ከቁጥቋጦ ሥር ብድግ ብላ የምትሰወር የዱር እንስሳ ነበረች። በአማርኛ ሁለቱንም ጥንቸል እንበላቸው እንጂ፣ በአገራችን ሜዳ የምትሮጠውና እዚህ ሰው ቤቱ የሚያሳድጋት አንድ አይደሉም። የቤቷ ጥንቸል የአውሮፓ ጥንቸል ዘር ናት። ይህንንም ቢሆን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ልጄ እንዳዘነች ብቻ ነበር።

ለባለቤቴ ነገርኩት። እርሱም «እስቲ እናስብበት» አለኝ። ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህችን ቃል ታውቋታላችሁ አይደል? እኔ «አይሆንም» ማለቱ ነው ብዬ ተረጎምኳት።

መጠኗ አታለለኝ

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ እርሱ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ተኝቶ ሳለ፣ ልጄን ይዤ ጥንቸል ወደሚሸጥ ሰው ሄድኩ። ሻጩ ከሁሉ የምታንሰውን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ጆሮዎቿ አጫጭር፣ ፊቷ ክብ፣ ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው። ኔዘርላንድ ድዋርፍ የሚባለው ድንክ ዝርያ ነች። «ትንሽ ስለሆነች ለትንሽ ልጅ ትስማማለች» አለን። አመንኩት። ልጄ በመኪና ውስጥ ስም አወጣችላት፦ ጤፍ።

ባለቤቴ ከእንቅልፉ ሲነሣ ጤፍ ሳሎን ውስጥ ነበረች። አልተቆጣም። ለረጅም ጊዜ ካያት በኋላ «ቤቱ የሁለታችን መስሎኝ ነበር» አለና ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ስለ ጥንቸሏ አንድም ቃል አልተናገረም። ስለ ሌላውም ነገር ቢሆን ብዙ አላወራንም።

ጤፍ ደግሞ እንዳሰብናት አልሆነችም። ልጃችን ልታቅፋት ስትጎነበስ ትፈናጠራለች፤ ከተያዘች ትቧጭራለች። አንድ ቀን ከልጄ ደረት ላይ ዘልላ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወደቀች። እግዚአብሔር አወጣን እንጂ፣ የጥንቸል አጥንት ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ውድቀት ወገቧን ሊሰብረው ይችል ነበር። ልጄ የተቧጨረ ክንዷን ይዛ «አትወደኝም» እያለች አለቀሰች። ብቸኝነቷን ላስታግስላት ብዬ ያመጣሁት ነገር ሌላ ኀዘን ጨመረባት።

የዚያች ሌሊት ሩጫ

ምግቧንም አላወቅንበትም። ካሮት እንሰጣታለን፤ ዳቦ እንሰጣታለን፤ ባለ ቀለም ፍሬ የተቀላቀለበት መኖ እንሰጣታለን። ድርቆሽ ግን አልገዛንም። አንድ ዓርብ ማታ ጤፍ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ቀረች። ካሮቱን አልነካችም፤ በጠጥም አልጣለችም። እኔ «እስከ ነገ ይሻላታል» ብዬ ልተኛ ስል፣ ያን ሌሊት እረፍት የነበረው ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አያት። ያደገው ገጠር፣ ከብት እየጠበቀ ነው። «መብላት ያቆመ እንስሳ እስከ ነገ አይጠበቅም» አለና ቁልፉን አነሣ።

ጥንቸል የሚያክም ሐኪም ማግኘት ቀላል አይደለም። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች የሚያዩት ውሻና ድመት ነው። ሦስት ቦታ ደውለን በመጨረሻ አንድ የድንገተኛ ክሊኒክ ተቀበለን። ሐኪሟ እንዳስረዳችን የጥንቸል አንጀት ያለማቋረጥ መንቀሳቀስ አለበት። ግማሽ ቀን ያህል ሳትበላ ከቆየች ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። አንጀቷን የሚያንቀሳቅሰው ድርቆሽ ነው፤ ጥርሷንም የሚሞርደው እርሱ ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። ፊታቸው አጭር የሆነ ድንክ ዝርያዎች ደግሞ ጥርሳቸው ሳይገጣጠም የመቅረት ዕድል አለው። የጤፍም የመንጋጋ ጥርስ ሾሎ ምላሷን እየወጋት ነበር። እኛ «አኮረፈች» ስንል እርሷ ለካ ታምማ ነው!

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ልጃችን ጭኔ ላይ ተኝታ፣ እኔና ባለቤቴ ማረፊያው ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ይቅርታ ጠየቅሁት። «አይሆንም ያልከኝ መስሎኝ ነው» አልኩት። እርሱም እንዲህ አለኝ፦ «እኔ እኮ አልከለከልኩም። ጥንቸል በደንብ ከተያዘች ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት እንደምትኖር አንብቤ ነበር። ሰባት ላይ አሥር ስትደምሪ ልጃችን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እስከዚያ ማን ያጸዳል፣ ማን ያሳክማል፣ የሚለውን እያሰብኩ ነበር። አንቺ ግን መልሴን አልጠበቅሽም።» ከዚያም ትንሽ ዝም ብሎ «እኔም ሦስት ሳምንት ዝም ማለት አልነበረብኝም» አለ።

ጤፍ ዳነች። ሐኪሟ ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ እውነቱን ነገረችን። ጥንቸሏ ምንም ክፋት የለባትም፤ ዝርያዋ ንቁ፣ ፈጣንና ድንጉጥ ነው፤ የሚስማማት ጸጥ ያለ ቤትና ትዕግሥተኛ አዋቂ ሰው ነው። ብዙ ተመካክረን፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ፣ ጡረታ ለወጡ አንዲት የምናውቃቸው እናት ሰጠናቸው። ልጄ ያን ቀን አምርራ አለቀሰች፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ላጽናናት እንኳ አፈርኩ። ከሁለት ወር በኋላ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ጤፍ ራሷ ዘልላ ነጠላቸው ላይ ስትተኛ አየን።

ሁለታችን ስንመርጥ

ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት ሆነን ማንበብ ጀመርን። የአሜሪካ ጥንቸል አርቢዎች ማኅበር 50 ያህል ዝርያዎችን ይመዘግባል። ከስድስት ኪሎ በላይ የሚመዝኑ አሉ፤ እንደ ጤፍ ከ2.5 ፓውንድ፣ ማለት ከ1.1 ኪሎ ግራም ማለፍ የማይፈቀድላቸውም አሉ። ትንንሾቹን እንዲህ ለይተን ጻፍናቸው።

ሆላንድ ሎፕ ጆሮው ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ እስከ 4 ፓውንድ የሚመዝን ነው። ብዙውን ጊዜ ረጋ ያለና ሰው የሚቀርብ ሲሆን፣ ጆሮው ግን ዘወትር መታየት አለበት። ሚኒ ሬክስ እስከ 4.5 ፓውንድ ይመዝናል፤ ጠጉሩ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ነው። ላየንሄድ እንደ አንበሳ ጋማ አለው፤ ማኅበሩ የመዘገበው በቅርብ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ጋማው ስለሚቆጣጠር ማበጠሪያ የሚይዝ ትጉህ እጅ ይፈልጋል። «ሚኒ» የሚለው ስም ደግሞ አያታላችሁ፤ ሚኒ ሎፕ የሚባለው እስከ 6.5 ፓውንድ ይደርሳል።

አንድ ያስደነገጠን ነገርም ነበር። ድንክነቱ የሚመጣው ከአንድ ዘረ መል ነው። ከእናትም ከአባትም የወረሰው ግልገል በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል፤ ከሁለቱም ያልወረሰው ደግሞ ድንክ ሳይሆን ተለቅ ብሎ ያድጋል። እንግዲህ «ከዚህ አታድግም» የሚል ሻጭ ሁልጊዜ እውነቱን ነው ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ግልገል ላለመግዛት ተስማማን። ያደገ ጥንቸል ክብደቱም ጠባዩም የታወቀ ነው። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ብዙ ሰው የሰለቸውን ጥንቸል ወደ እንስሳት መጠለያ ይመልሳል። እኛም ወደ አንድ መጠለያ ሦስታችን አብረን ሄድን። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ዝም አለ። ከላይ የሚመጣ እጅ ለጥንቸል እንደ ጭልፊት ነውና ማንንም አልነካም። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ የሦስት ዓመት፣ የተመከነ ወንድ ሆላንድ ሎፕ ቀስ ብሎ መጥቶ ጫማውን አሸተተ። ልጄ በሹክሹክታ «አባዬ፣ መረጠህ» አለችው። እግሩን ወደ ውስጥ አጥፎ ሲቀመጥ ድፎ ዳቦ ስለሚመስል ስሙ ዳቦ ሆነ።

ዳቦ ቤት ከመግባቱ በፊት ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍን። ድርቆሹን ከሥራ ሲመለስ የሚጨምረው አባት ነው። የመጸዳጃ ሣጥኑን የማጸዳው እኔ ነኝ። ውኃውንና ቅጠላ ቅጠሉን የምታቀርበው ልጃችን ናት። እርሷ ብትረሳ ግን ጥንቸሉ ጦሙን አያድርም፤ ኃላፊነቱ የወላጆች ነው። ማቀፍም ቀረ፤ ልጃችን ምንጣፉ ላይ ተጋድማ ታነብለታለች፤ እርሱ ሲፈልግ ይመጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ጥንቸል ብትለምናችሁ አትከልክሉ፤ አትቸኩሉም። በመጀመሪያ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ተጠያየቁ።

• በቤታችን ያሉት ልጆች ዕድሜያቸው ስንት ነው? ማቀፍ የሚወድ ትንሽ ልጅ ካለ ከሁሉ የምታንሰው ጥንቸል አትሆነውም።

• ለአሥር ዓመት ያህል ዋናውን ሥራ የሚሠራው ማን ነው?

• በአካባቢያችን ጥንቸል የሚያክም ሐኪም አለ? የሕክምናው ወጪስ ከየት ይመጣል? ሴት ጥንቸል ካልተመከነች በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከፍተኛ ነው። ገዳይ የሆነው የጥንቸል ቫይረስም ክትባት ስላለው ሐኪሙን ጠይቁ።

• ቤታችን በበጋ ይሞቃል? ጥንቸል ብርድን እንጂ ሙቀትን አትችልም።

• ሁለታችንም ከልባችን «እሺ» ብለናል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። እኔ ዘልያት ዋጋ ከፍያለሁ። ዛሬ ባለቤቴ «እናስብበት» ሲለኝ ወንበር ስቤ እቀመጥና «እሺ፣ ምኑን ነው የምናስበው?» እለዋለሁ።

ይህን ስጽፍላችሁ ማለዳ ነው። እርሱ ከሌሊት ሥራ ገብቶ፣ የደንብ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ፣ እጁ ላይ ድርቆሽ ይዞ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ዳቦም ከጥግ ብቅ ብሎ ወደ እርሱ እየዘለለ ነው።