መታወቂያ የማይጠየቅበት ዕድሜ

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ተለቋል። ሦስት ልጆች ግሮሰሪ ገብተው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። አንደኛው ቦርሳውን በእግሩ ወደ ወንበሩ ሥር ይገፋል። አስተናጋጇ መጥታ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ድራፍት ነው ጠርሙስ?» ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። ቢጠየቁ የሚያሳዩት የተማሪ መታወቂያ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ያስወጣውም ይኸው አዋጅ ነው። የማስታወቂያው ክልከላ ወዲያው ታየ። በየበዓሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ይል የነበረው ቢራ ሁሉ ዝም አለ። ጣቢያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ የሚጠየቁትም ይታወቃሉ። የዕድሜው ክልከላ ግን እልፍ በር ላይ የሚፈጸም ነው፤ በበሩ ላይ ደግሞ ማንም አልቆመም።

ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ የሚጀምረው ከቁጥሩ ነው። «በ18 ዓመቱ የሚመርጥ፣ የሚያገባ፣ ለአገሩ ሊዘምት የሚችል ሰው እንዴት አንድ ቢራ ይከለከላል?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም አለው። በ18 መምረጥ ይቻላል፤ ለምክር ቤት ለመወዳደር ግን 21 መሙላት ያስፈልጋል። ሕግ ለሁሉም ነገር አንድ ዕድሜ ቆርጦ አያውቅም።

አሜሪካም ይህንኑ ተከራክራለች። የምርጫ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ 18 ሲወርድ ብዙ ግዛቶች የመጠጡንም ዕድሜ ዝቅ አደረጉ። ጠጥተው በሚያሽከረክሩ ወጣቶች የሚደርሰው ሞት ቁጣ ሲቀሰቅስ ፕሬዚዳንት ሬገን በ1984 አንድ ሕግ ፈረሙ፦ ዕድሜውን 21 ያላደረገ ግዛት ከፌዴራሉ የመንገድ ገንዘብ እስከ 10 በመቶ ይቀነስበታል። ሳውዝ ዳኮታ ከስሳ በ1987 ተረታች። በ1988 ሁሉም ግዛቶች ወደ 21 ገብተው ነበር። ክርክሩ ግን አልቆመም፤ በ2008 ከ100 በላይ የኮሌጅ ፕሬዚዳንቶች «21 መጠጡን አላስቀረም፣ ደበቀው እንጂ» በሚል ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ጠይቀዋል።

ከዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው ቁጥሩ አይደለም። ዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ ጠጅ ያዘዘ ልጅ እግር መታወቂያ ይጠየቃል። ጠያቂው ያገሩ ልጅ ነው፤ ምናልባትም አዲስ አበባ ሳለ ማንንም ጠይቆ አያውቅም። እዚያ ሲደርስ ጠባዩ አልተለወጠም። ካልጠየቀ የመጠጥ ፈቃዱ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ ስላወቀ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ «ባህላችን ነው፣ ምን ይደረግ» የሚለው ሰበብ አያስኬድም።

ባህልን የሚጠሩ ሰዎች አንድ እውነት ግን ይዘዋል። ብዙ ልጅ መጠጥን መጀመሪያ የሚቀምሰው ቤቱ፣ በበዓል፣ ከአያቱ የጠላ ጣሳ ነው። አዋጁም የሚናገረው ስለ ሻጭ ነው። በጀርመን አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከወላጁ ጋር ተቀምጦ ቢራ ወይም ወይን ሊጠጣ ይችላል፤ ብቻውን ለመግዛት ግን 16 መሙላት አለበት። ልዩነቱን የሚያመጣው አብሮት የሚቀመጠው ሰው ነው። ጠላ የቀዳች እናት «በቃህ» ትላለች። ግሮሰሪ የሚያውቀው «ልድገም?» የሚለውን ብቻ ነው።

እነዚያን ሦስት ልጆች 21 ሆነ 18 ዛሬ አያድናቸውም። ማታ አንዱ ሞተር ሳይክል ላይ ሲወጣ በዕድሜው ላይ የተከራከረ ሁሉ እቤቱ ነው። የሚያድናቸው በር ላይ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ነው፤ ያ ጥያቄ ደግሞ የሚመጣው ሳይጠይቅ የሸጠ ሰው ፈቃዱ ሲታገድ ጎረቤቶቹ ሲያዩ ነው። መታወቂያ የለም እንዳይባል ፋይዳ ላይ የትውልድ ቀን ተጽፏል።

ማንም የማይጠብቀው 21 ሰው ቆሞ ከሚጠብቀው 18 ያንሳል። የከፋው ጉዳት ግን ሌላ ነው። ግሮሰሪ የተቀመጠው የ16 ዓመት ልጅ ከቢራው ጋር አንድ ትምህርት ይጨልጣል፦ በዚህ አገር ሕግ ይወጣል እንጂ አይጠየቅም። ስካሩ በማግስቱ ይለቀዋል፤ ይህ ትምህርት ግን አብሮት ያድጋል።