አብሽር

አዲስ አበባ ውስጥ «አብሽር» ማለት «ችግር የለም» ሆኗል። የታክሲ ረዳት መልስ ሲያጓትት «አብሽር»፣ ሲስተም ሲወድቅ «አብሽር»፣ ፍቅረኛህ ጥላህ ስትሄድም «አብሽር ባክህ»። ወሬ መዝጊያ ነገር ሆናለች።

እኔ ባደግኩበት መካነ ሰላም ግን ቃሉ እንዲህ በርካሽ አይወጣም። በእርሻ ሰዓት በሬው የሞተበትን ሰው «አብሽር» ያለ ጎረቤት የራሱን በሬ ሊያውሰው ነው። ካላዋሰ ለምን አፉን ከፈተ? «አይዞህ» ብርታቱን ከሰሚው ይጠብቃል፤ «አብሽር» ደግሞ ተናጋሪውን ነው ዕዳ ውስጥ የሚያስገባው።

ከአረብኛ የመጣ ትእዛዝ ነው፦ ደስ ይበልህ፣ የምሥራች ተቀበል። ለሴት አብሽሪ፣ ለብዙ አብሽሩ። አረብኛውም የሚረባው እንዲሁ ስለሆነ አማርኛ ምንም ሳይነካካ ነው የተረከበው። ሥሩን ስትከተሉት ደግሞ ከግዕዙ «ብሥራት» ጋር ትገናኛላችሁ። አብሽር የሚለው ሙስሊምና ገብርኤልን አብሣሪ የሚለው ክርስቲያን የአንድ ቤት ቃል ነው የያዙት። (ክርስቲያኑም አብሽር ይላል እኮ። «ወላሂ» ብሎ የሚምልም ሞልቷል። ቡናውስ ቢሆን ሦስተኛው «በረካ» አይደል?)

ከደቡብ ወሎ ወደ ሳዑዲ የሚሄዱ ሴቶች ልጆች ብዙ ናቸው። እዚያ ሲደርሱ ቃሉን እንደገና ያገኙታል፣ የስልክ አፕ ሆኖ። «አብሽር» የሳዑዲ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር መድረክ ነው፤ ኢቃማ ይታደስበታል፣ የመውጫና መመለሻ ቪዛ ይወጣበታል። ሶፍትዌር ስለምሠራ አፑን በክፉ አላነሳውም፤ ስንት ወረፋ ቀንሷል። ግን የቤት ሠራተኛዋን ቪዛ በአፑ የሚያወጣላት አሠሪዋ ነው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2021 ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ ከሀገር እንዲወጡ የሚያስችል ማሻሻያ ስትጀምር የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። ስለዚህ «የምሥራች ተቀበይ» የሚለው ስም ያለው በእሷ ስልክ ላይ ሳይሆን በአሠሪዋ ስልክ ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ጅዳ ናት። አንድ ቀን ደውላ ለዘመን መለወጫ መምጣት እንዳልቻለች ስትነግራት አክስቴ እንደልማዷ «አብሽሪ የኔ ልጅ» አለቻት። ልጅቷ ሳቀች።

«እማ፣ አብሽር እኮ ያለው ማዳም ስልክ ላይ ነው።»

አክስቴ ስለ አፕ የምታውቀው የለም። ትንሽ ዝም ብላ፣ «እንግዲያ እሷ ትበልሻ!» አለች።

«ምን?»

«አብሽሪ ትበልሻ። ከያዘችው።»