ጥሩምባ የሚገባው ወሬ

ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ይፋግ

ለሳምንት ያልከፈትኩት የቴሌግራም የካርታ ሥራ ግሩፓችን 213 መልእክት አከማችቶ ጠበቀኝ። አብዛኛው የገና እንኳን አደረሳችሁ ሥዕልና “ሰላም አደራችሁ” ነው። ከዚያ ሁሉ መሀል የወረታው ልጅ አንዲት ጥያቄ ጥሏል፤ ከርብ ወንዝ ማዶ ያለው ጥርጊያ በክረምት መኪና ያሳልፋል ወይ? ከጠየቀ አምስት ቀን ሆኖታል። መልሱን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ግሩፑ ውስጥ አሉ። ሦስቱም ድምፁን ዘግተውታል።

ሥራችን የወረዳችንን የሊቦ ከምከምን ጎጦች በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ማስፈር ነው። ማንም ሊሞላውና ሊያርመው የሚችል ክፍት ካርታ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ጣራውንና መንገዱን ከሳተላይት ምስል ይስላሉ። የጎጡ ስም ግን ከሰማይ አይነበብም፤ እሱ የኛ ፋንታ ነው።

ጥር 9

የገዛ ከተማችን ስም ካርታው ላይ ሲገለባበጥ ሰነበተ። “ይፋግ” ብለን ተስማምተን ነበር። ደብረ ታቦር የሚማረው ልጅ ስምምነቱን አላየምና “ኢፋግ” አደረገው። መለስኩት፤ እሱም መለሰው። በመጨረሻ ደውሎ “ማን ወሰነ?” አለኝ። ላሳየው ግሩፑን ወደ ላይ ብጎትት ብጎትት ውሳኔያችንን አጣሁት።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ፤ የሥዕሉ ጎርፍም አብሮ መጣ። ከሰዓት የእድራችን ዳኛ ቤት ቡና ጠጣሁ።

“ጋሼ፣ ለወሩ ስብሰባ ለምን ጥሩምባ አያስነፉም?” አልኳቸው።

“አይ ልጄ! ጥሩምባ የሬሳ ነው። ለስብሰባ ካስነፋሁት ሰው ሲሞት ማን ይነሣልኛል?”

“ስብሰባውን ታዲያ በምን ያውቃሉ?”

“ቀኑ የታወቀ ነው። የቀረ ይቀጣል።”

“ውሳኔውንስ?”

“ጸሐፊው መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። የተከራከረ መዝገብ ይገለጥለታል።”

ሲኒዬን አስቀምጬ ወደ ቤት ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ጥር 15

የእድሩን ሥርዓት ወደ ስልክ ገለበጥነው። ጥሩምባችን ሁለት ሰው ብቻ የሚጽፍበት ቻናል ሆነ፤ የሚለጠፍበት ውሳኔና ቀነ ገደብ ብቻ ነው። ጨዋታውም ጥያቄውም በግሩፑ ቀረ፤ ለጥያቄ ግን የራሱ ርዕስ ተከፈተለት። ውሳኔ የሚሰፍርበት አንድ የጋራ ሠንጠረዥ አለን፤ የመጀመሪያው ረድፍ “ይፋግ” ይላል።

የሰዓት ነገርም ተነሣ። ባለፈው “ማታ በ2” ብለን የጠራነውን ስብሰባ ዋሽንግተን ያለችው እህታችን በፈረንጅ ሰዓት ቆጥራ አመለጣት። ከእንግዲህ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል።

ጥር 20

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የጎጦች ዝርዝር በወረቀት ይዛልን መጣች። በ1997 ካላዛር የተባለው በሽታ ወረዳችንን ሲመታ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። ያንን አንሥታ “በሽተኛ ሲመጣ ከየት ጎጥ ነህ እለዋለሁ። ጎጡ ካርታ ላይ ከሌለ ምኑን ልከተል?” አለች።

ከዚያ የቻናሉን ነገር ስነግራት ሳቀች። “ኢንተርኔት የለኝም እኮ!”

አፈርኩ። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራችን ለወራት የቆመው በዚሁ ጥፋት ነበር። የምንተዋወቀው በቴሌግራም ስም ነው፤ ስልክ ቁጥር የተለዋወጠ አልነበረም። ዛሬ ቁጥሮቻችንን ሰብስበን፣ ኢንተርኔት ለሌለው ሁሉ የሚደውልለት አንድ ሰው መደብን። “የሰማህ ላልሰማ አሰማ” ብዬ ቻናሉ ላይ ለጠፍኩት።

የካቲት 16

በአንድ ወር ውስጥ ቻናሉ ላይ የወጣው አምስት መልእክት ነው። የርቡ ጥርጊያም መልስ አገኘ፤ በክረምት አያሳልፍም።

ዛሬ ጠዋት ቻናሉ ላይ ከምንጽፈው ከሁለታችን አንዱ የኪዳነ ምሕረትን እንኳን አደረሳችሁ ሥዕል ልለጥፍ ነው ሲል ደብረ ታቦር ያለው ልጅ ቀደመው።

“ሬሳ ነው?” ብሎ ጻፈለት።

ሥዕሉ ወደ ግሩፑ ሄደ።