እጅ ያልነካው ውሻ

የፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት ጥር 23 ሲቃረብ የአዊ ፈረስ ይታጠባል፣ ጋማው ይበጠራል፣ በኮርቻና በግላስ ያጌጣል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ይህን ክብር ከትውልድ ትውልድ አሻግሯል። ፈረሱ ባለበት ግቢ ውሻው አጥር ሥር ታስሯል፤ የሚነካው የለም። ፈረስ መንከባከብ የሚያውቅ እጅ ውሻ ማጠብ አያቅተውም፤ የጎደለው ልማዱ ነው።

*

«ርኩስ ነው፣ እንዳትነካው!» እየተባሉ ያደጉ ልጆች ብዙ ናቸው። በሉቃስ ወንጌል ግን የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ናቸው። ባለጸጋው ችላ ያለውን ድሃ እነሱ ቀረቡት።

*

የአዊዋ ከተማ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ጭጋግ በዋለበት ቀን ውሻ ማጠብ ለበሽታ መስጠት ነው። ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ሲበረታ፣ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፤ ከዚያም በጨርቅ አድርቆ ሙቀት ላይ ማቆየት። ዳንግላ ዝቅ ስለምትልና ስለምትሞቅ ለዚህ ትመቻለች። ቡችላን ግን የትም ቢሆን ከብርድ መጠበቅ ያስፈልጋል።

*

የልብስ ሳሙና የውሻን የቆዳ ወዝ ጠርጎ ያሳክከዋል። እንዶድም ለጋቢና ለነጠላ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል የደረሱበት ይህ ተክል ዓይን ያቃጥላል። ለውሻ የተዘጋጀ ሻምፖ ካልተገኘ፣ ለስላሳ ሳሙና በጥቂቱ ተጠቅሞ ደጋግሞ ማለቅለቅ ይሻላል።

*

ልጆች ውሃውን በጆግ አናቱ ላይ ሲያፈሱ ውሻው ይደነግጣል፤ ከዚያ ወዲያ ባልዲ ሲያይ ይሸሻል። ከእግር ጀምሮ ወደ ጀርባ መውጣት፣ ፊቱን መጨረሻ ላይ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ጆሮው ውስጥ ውሃ አለማስገባት። ስሙን እየጠሩ ሲያጥቡት ይረጋጋል።

*

ጸጉሩ ሲርስ የተሸፈነው ይገለጣል። ከጆሮው ኋላና በጣቶቹ መካከል መዥገር፣ ጭራው ሥር ቁንጫ፣ አንገቱ ላይ ሰንሰለት የበላው ቁስል። መዥገርን ቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ላምባ ማፍሰስ ቆዳውን ይጎዳል። ሌሊቱን ሲጮህልን ያደረ እንስሳ ሕመሙን የምናውቀው ስንዳስሰው ብቻ ነው።

*

በእብድ ውሻ በሽታ ከተያዙ ሰዎች 99 በመቶ የሚሆኑት የሚያዙት ከውሻ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው፤ መከላከያው ውሻውን ማስከተብ ነው።

የክትባት ቀን ግን እጅ የማያውቅ ውሻ ማንንም አያስጠጋም፤ ባለቤቱም ፈርቶ ይተወዋል። ከቡችላነቱ ጀምሮ እየታጠበ ያደገ ውሻ ሲይዙት ይቆማል፤ መርፌውንም ይወጋል። ስለዚህ ውሻ ማጠብን የከተማ ቅንጦት አንበለው። አንድ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ የልጆቻችንን ሕይወት የመጠበቅ ሥራ መጀመሪያ ነው።