የቀበሌያችን ጊታር

የኤሌክትሪክ ጊታርን በዓይኔ ከማየቴ በፊት ለዓመታት የማውቀው በጆሮዬ ነበር። በዚያን ዘመን ሰፈሩ ውስጥ ካሴት ቤት ያለው ሰው ሙዚቃ አይቸገርም፤ በራፍ ላይ የተሰቀለው ስፒከር ለመንገደኛው ሁሉ ያድላል። የሮሃ ባንድ ካሴት ሲከፈት ጓደኞቼ ዘፋኙን ተከትለው ያንጎራጉራሉ። እኔ የምከተለው የሰላም ስዩምን ጊታር ነበር። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ብቅ ትላለች፣ አጭር ነገር ተናግራ ትመለሳለች። አንዳንዴ ክራር ናት ብዬ እከራከር ነበር።

ጊታሩን ራሱን ያየሁት በቀበሌያችን አዳራሽ፣ የኪነት ቡድኑ ሲለማመድ ነው። ቀይ ነበር፤ ቀለሙ በክርን ተፍቆ እንጨቱ ብቅ ብሏል። ወለሉ ላይ ለአቧራ ማብረጃ የተረጨው ውሃ ይሸታል። አምፕሊፋየሩ ሲሞቅ ደግሞ ውስጡ የተኛው አቧራ እየተጠበሰ ደስ የሚል ጠረን ያወጣል። ከዚያ ማንም ምንም ሳይነካ “እዝዝዝ” ይጀምራል። ሊድ ጊታሩን የሚጫወተው ወጣት ደግ ሰው ነበር፤ በመስኮት ስናጮልቅ እንደ ሌሎቹ አያባርረንም። አንድ ቀን ጠራኝና ጊታሩን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። እጄን ክሮቹ ላይ ሳሳርፍ እዝዝታው ረገብ አለ። እኔን አውቆ ዝም ያለ መስሎኝ ነበር።

የጊታሩን ምስጢር ያወቅኩት በዓል ሊደርስ ሲል ድምፁ ጠፍቶ ሬዲዮ ሠሪው ዘንድ ተሸክመን የሄድን ጊዜ ነው። ሁላችንም “ጋሼ” ነበር የምንላቸው። ሱቃቸው ለሁለት ሰው አይበቃም፤ ጀርባቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። የቀለጠ እርሳስና የሙጫ ጭስ ሽታ አለው፤ ዛሬም የትም ባሸተው እግሬ ቀጥ ይላል።

ጋሼ ጊታሩን ገልብጠው ብሎኖቹን ፈቱና “ና ጠጋ በል፣ አትፍራ” አሉኝ። ፒክአፑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስድስት ትንንሽ ማግኔቶች፣ በዙሪያቸው ከጸጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ተጠምጥሟል። የብረቱ ክር ማግኔቱ ፊት ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወለዳል፤ አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው እሱን ነው። “መብራት ኃይል የላከው እንዳይመስልህ” አሉ ጋሼ፣ “ጣትህ ያመነጨው ነው።” ይህን ከሰማሁ በኋላ ጣቶቼን በሌላ ዓይን አየኋቸው።

የመሬት ሽቦው ከድምፅ ቁልፉ ጀርባ ተላቆ ኖሮ፣ አንዲት ጠብታ እርሳስ ስትነካው ጊታሩ ነፍስ ዘራ። ጋሼ ግን ሥራ በግማሽ አያውቁም። ድምፁ ሲጨመር ፒክአፑ ይጮኻል ብለን ስለነገርናቸው የተጠመጠመው ሽቦ ላልቷል አሉና ከሰል ላይ ውሃ ጥደው፣ በጣሳ ሰም አቀለጡ። ፒክአፑን እዚያ ውስጥ ሲነክሩት ሱቁ ጧፍ ጧፍ ሸተተ። ባለቤታቸው ዳቦና ሻይ ይዘው መጡ። ሰዓት እላፊ ሊደርስ ነው እያሉ እየተቆጡም ቢሆን ሳንበላ አላስነሱንም። ለሥራው የተከፈለ ሳንቲም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቴ ያ ሱቅ ሆነ። እዝዝታው ከግድግዳው መብራት እንደሚመጣ፣ ጅረቱ በሰከንድ 50 ጊዜ እንደሚመላለስና ፒክአፑ እሱንም እንደሚለቅም እዚያ ተማርኩ። “እስቲ ዞር በል” ይሉኛል፤ ስዞር ይቀንሳል። ለካ አሜሪካ ውስጥ፣ ጊብሰን ዘንድ ሴዝ ላቨር የተባለ መሐንዲስ በፈረንጆች 1955 ሁለት ጥምጥሞችን በተቃራኒ አጣምሮ እዝዝታው እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ አድርጎ ኖሯል። እኛ መፍትሔያችን መዞርና የሸምበቆ መብራቱን ማጥፋት ነበር።

አንድ ጎረቤት ክራራቸውን ይዘው መጥተው “የኔንስ እንዲህ አታናግራትም?” ያሉበት ቀን አይረሳኝም። ጋሼ ፒክአፑን ከናይሎን ክሮቹ ሥር ቢያስጠጉት ዝም። አንዱን ፈትተው የብረት ክር ሲያስሩበት ግን ድምፁ ሱቁን ሞላው። “ማግኔት የሚሰማው ብረት ብቻ ነው” አሉ። ሽማግሌው ክራራቸውን አቅፈው ደጋግመው መረቁ።

ሊድ ጊታር ተጫዋቹ ደግሞ ድምፅ መምረጥን አስተማረኝ። ለትዝታ በአንገቱ በኩል ያለውን ፒክአፕ ይይዛል፤ ክሩ እዚያ በሰፊው ስለሚርገበገብ ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ለጉራጊኛ ክሮቹ የሚታሰሩበት ጫፍ አጠገብ ያለውን፣ ቀጭንና ስለታሙን። ማዞሪያው ሦስት ቦታ ብቻ ነበረው። እሱ ግን በሁለት ቦታዎች መካከል በስሱ ሲያቆመው ሁለት ፒክአፖች አንድ ላይ ይናገሩና ልብ የሚያባባ ድምፅ ይወጣል። በፈረንጆች 1954 በወጣው የፌንደር ስትራቶካስተር ላይም የውጭ ተጫዋቾች ይህንኑ ያደርጉ እንደነበር፣ ፋብሪካውም በ1977 አምስት ቦታ ያለው ማዞሪያ እንደገጠመ ያነበብኩት ብዙ ቆይቶ ነው። ደስ አለኝ፤ የኛ ሰፈር ጆሮ ያገኘውን የዓለም ጆሮም አግኝቶታል።

ስለ ቶን ቁልፏ ደግሞ ጋሼ “ይህች መቀነስ እንጂ መጨመር አታውቅም” ይሉ ነበር። እውነት ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ በካፓሲተር በኩል ወደ መሬት ማፍሰስ ነው ሥራዋ። ክሩ ያልሰጠውን አትሰጥም።

ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው የፈለጉትን አምፕሊፋየር ድምፅ በአንድ ንክኪ ያመጣሉ። ሲጫወቱ ስሰማቸው እኮራባቸዋለሁ። ቢሆንም አንድ ቀይ ጊታርን ከበን፣ ያለችው ትንሽ ነገር እስከምትችለው ድረስ እንድትናገር ጆሯችንን የሰጠንበት ዘመን ይናፍቀኛል። መሣሪያው ጥቂት ስለነበር ማዳመጡ ብዙ ነበር።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ቤትህ ጥግ ድምፁ ጠፍቶ የቆመ አሮጌ ጊታር ካለ አትጣለው፤ ፒክአፑንም ለማስቀየር አትቸኩል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ የተላቀቀ ሽቦ ወይም የቆሸሸ ጃክ ነው። ወደ አንድ ሬዲዮ ሠሪ ውሰደው፤ ስትሄድ ግን ልጅህን አስከትል።